ሁለት ኤችኦኤ እና አንድ ኤስአይዲ ያለበት ቤት ልንገዛ ነው (ላስ ቬጋስ)፤ የሚያስረን የትኛው ሕግ ነው?

ብሌን ቬጋስ

ሰላም ለሁላችሁ። ላስ ቬጋስ ደቡብ ምዕራብ በኩል ካሉት ትልልቅ ማስተር ፕላን ሰፈሮች በአንዱ ከግለሰብ ሻጭ ቤት እየገዛን ነው። ኦፈራችን ተቀባይነት አግኝቶ ኤስክሮው (ሽያጩ እስኪያልቅ ገንዘቡንና ሰነዱን የሚይዘው ገለልተኛ ወገን) ተከፍቷል። ማስታወቂያው ላይ በኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ስም የተጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። የታይትል ሪፖርቱ ሲመጣ ግን ሰፈሩን በሙሉ የሚያጠቃልል ማስተር አሶሲየሽን አለ፣ የእኛን ክፍልና የመግቢያ በሩን የሚያስተዳድር ሌላ ሰብ አሶሲየሽን አለ፣ በዚያ ላይ ኤስአይዲ የሚባል ዕዳ መሬቱ ላይ ተመዝግቧል። የኤችኦኤው ሰነድ ዛሬ ጠዋት በኢሜይል ደረሰን፤ ከ300 ገጽ በላይ ነው።

ሁለቱ ማኅበራት ቢጋጩ የማን ቃል ነው የሚጸናው? ከዚህ ሁሉ ወረቀት መጀመሪያ የቱን ላንብብ? ማኅበሩ ቤታችሁን ሊሸጥ ይችላል የሚባለውስ እውነት ነው? ደግሞ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አከራይተነው ወደ ሌላ ግዛት ልንሄድ እንችላለን፤ ያኔ ተነሥተው ማከራየት ክልክል ነው ቢሉንስ? ሕጉን የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሽ መኮንን

ብሌን፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ጻፊው። በኔቫዳ ሕግ ከግለሰብ ሻጭ የሚገዛ ሰው የማኅበሩ ሰነድ፣ ሪሴል ፓኬጅ የሚሉት፣ ከደረሰው በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል፤ የከፈለውም ይመለስለታል። የሚቆጠረው የሥራ ቀን ብቻ አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድም ይገባሉ። ስረዛው በጽሑፍ ነው፤ ለኤጀንት በስልክ መንገር አይበቃም። ቤቱን በስምሽ ካዞርሽ በኋላ ደግሞ ይህ መብት የለም።

ዛሬ የደረሰሽ ፓኬጅ የየትኛው ማኅበር እንደሆነ አሁኑኑ እዪ። ሁለት ማኅበር ካለ የሁለቱም ሰነድ መምጣት አለበት። ብዙ ጊዜ የአንዱ ቀድሞ ይደርስና የሌላው ይዘገያል፤ የሚያስተዳድሯቸው የተለያዩ የማኔጅመንት ድርጅቶች ስለሆኑ። ማኅበሩ ከተጠየቀበት ቀን አንሥቶ በ10 ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ወጪውም የሻጩ ነው። የጎደለ ካለ ለኤጀንትሽም ለኤስክሮውም በኢሜይል ጻፊ፤ ቀኑ የሚታይ ማስረጃ ይኑርሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማስተሩንም ሰቡንም የሚገዛው የኔቫዳ ሕግ ምዕራፍ 116 ነው፣ በ1991 የወጣው። ከሕጉ ሥር ዲክለሬሽኑ አለ፤ ሲሲ ኤንድ አር እያልን የምንጠራው፣ ክላርክ ካውንቲ ሬከርደር ዘንድ የተመዘገበው ሰነድ። ቀጥሎ የማኅበሩ መመሥረቻና መተዳደሪያ ደንብ፣ መጨረሻ ላይ ቦርዱ በየጊዜው የሚያወጣው መመሪያ። የበታቹ የበላዩን መጣስ አይችልም፤ ዲክለሬሽኑም ከምዕራፍ 116 ከተጋጨ ሕጉ ነው የሚጸናው። ዲክለሬሽኑ መሬቱን ተከትሎ የሚሄድ ስለሆነ አነበብሽም አላነበብሽም፣ ፈረምሽም አልፈረምሽም ያስርሻል።

ሁለቱ ማኅበራት ሲጋጩ መልሱ ያለው በማስተሩ ዲክለሬሽን ውስጥ ነው። አብዛኛው ማስተር የሰቡ ሰነድ ከእኔ በታች ነው የሚል አንቀጽ አለው። ከዚህ የሚመጣው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው፤ ሁለቱም የሚሉት ነገር ካለ ጠበቅ ያለውን ይዘሽ ሂጂ። ሰቡ የቤት ቀለም ቢፈቅድ ማስተሩ ካልፈቀደ አልተፈቀደም። ፓቲዮ ከቨር (የጓሮ ጥላ) ልትሠሪ ብትፈልጊ ለሁለቱም የአርክቴክቸር ኮሚቴ ታስገቢያለሽ፦ ከአጥሩ ያለውን ርቀት በፉት የሚያሳይ ንድፍ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የቀለሙ ቁጥር፣ አንዳንዱ ጋ የጎረቤት ማሳወቂያ ፊርማ። የከተማው ወይም የካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ሌላ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በጣም የተለመደው ጥፋት ኮንትራክተሩ የካውንቲውን ፈቃድ ይዞ ሥራ ሲጀምር ነው። ፈቃዱ ትክክል ነው፤ ግን ኮሚቴው ያላየው ስለሆነ ማኅበሩ አፍርሱ ሊል ይችላል።

የማንበቢያውን ቅደም ተከተል ስትጠይቂኝ፣ እኔ በጀቱን ከዲክለሬሽኑ አስቀድማለሁ። ሕጉ ማኅበሩ በየ5 ዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጠባበቂያ ጥናት እንዲያስጠና ያስገድዳል፣ ሪዘርቭ ስተዲ የሚባለው። የዚህ ጥናት ማጠቃለያ ፓኬጁ ውስጥ ይገኛል። አውጥተሽ የመንገዱን መስመር ፈልጊ። በር ባለው ሰፈር የውስጡ አስፋልት አብዛኛውን ጊዜ የሰቡ ንብረት ስለሆነ የሚያድሰው ካውንቲው አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። ለምሳሌ 120 ቤት ያለው ሰብ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመንገድ 360,000 ዶላር የሚያስፈልገው ቢሆንና በመጠባበቂያው 120,000 ብቻ ቢኖር፣ የጎደለው ለየቤቱ ሲካፈል 2,000 ዶላር ነው። ቦርዱ መጠባበቂያውን ለመሙላት አስፈላጊና ተመጣጣኝ መዋጮ ሲጥል የባለቤቶችን ድምፅ መጠየቅ የለበትም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በወር 50 ዶላር ብቻ ነው ተብሎ የገዛ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ከመጠባበቂያው ሳትወጪ ሣሩንም ጠይቂ። በ2021 በወጣው ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በደቡብ ኔቫዳ የኮሎራዶን ወንዝ ውኃ ጌጥ ብቻ የሆነ ሣር ለማጠጣት መጠቀም አይቻልም። የግለሰብ መኖሪያ ቤት ግቢ አይነካም፤ የማኅበሩ መንገድ ዳርና የመግቢያው ሣር ግን ውስጥ ነው። ሣሩን አንሥቶ ጠጠርና ውኃ ቆጣቢ ተክል መትከል፣ ለዛፎቹ አዲስ የጠብታ ቧንቧ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ ነው። ከሳውዘርን ኔቫዳ ዋተር ኦቶሪቲ ድጎማ አለ፣ ግን ሁሉን አይሸፍንም። ሥራው ተጠናቋል ወይ፣ ካልተጠናቀቀስ ከየት በጀት ነው የሚወጣው ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ኪራዩን በተመለከተ፣ በገዛሽበት ቀን ዲክለሬሽኑ ማከራየትን ካልከለከለ ማኅበሩ በኋላ አሻሽሎ ሊከለክልሽ አይችልም። በዚያ ቀን የሚከራዩ ቤቶች ቁጥር ጣሪያ ተጽፎ ከነበረም ጣሪያውን በኋላ አጥብበው አንቺ ላይ ሊጭኑት አይችሉም። ስለዚህ የምትገዢበት ቀን ላይ የነበረውን ዲክለሬሽን ከነማሻሻያዎቹ በሙሉ አስቀምጪ። ለቀናት ማከራየት፣ እንደ ኤርቢኤንቢ ያለው፣ በሌላ አንቀጽና በካውንቲው ፈቃድ የሚታይ ስለሆነ ከዚህ ጋር አታምታቺው።

ሰናይት ከኤስክሮው

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። የኤስአይዲውን እኔ ልጨምር።

ኤስአይዲ የማኅበር መዋጮ አይደለም፤ የንብረት ግብርም አይደለም። ሰፈሩ ሲቆረቆር ለዋና መንገዱ፣ ለፍሳሽ መስመሩና ለጎርፍ መውረጃው ካውንቲው ወይም ከተማው ቦንድ ሸጦ ገንዘብ ያወጣል። ያ ገንዘብ በየመሬቱ ተከፋፍሎ በምዕራፍ 271 መሠረት ይመዘገባል። ሄንደርሰን ውስጥ ያሉት ኤልአይዲ ሲሉት ትሰማላችሁ፤ አንድ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ ከነወለዱ፣ ቦንዱ እስኪያልቅ ድረስ። ዕዳው የመሬቱ ስለሆነ ሻጩ ሲወጣ ለገዢው ይተላለፋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሞርጌጅ ባንኩ የንብረት ግብሩንና ኢንሹራንሱን ከወርሃዊ ክፍያው ጋር ስለሚሰበስብ ሁሉም ነገር የተከፈለ ይመስላል። የኤስአይዲው ቢል ግን ለብቻው ነው የሚላከው፤ ባንኩ በኢምፓውንድ (ለግብርና ለኢንሹራንስ በሚያጠራቅመው ሂሳብ) ውስጥ ካላካተተው በቀጥታ በፖስታ ይመጣል። ፖስታው በሻጩ ስም ወይም በድሮ አድራሻ ከሄደ ቅጣትና ወለድ ይቆለላል፤ ውዝፉ ከቆየም መሬቱ እስከ መሸጥ ይደርሳል።

ብሌን፣ ኤስክሮውን ሦስት ነገር ጠይቂ። የቀረው ዋና ዕዳ ስንት ነው? በዓመት የሚከፈለው ስንት ነው? መጨረሻው መቼ ነው? ከዚያ ውሉን ገልጠሽ ኤስአይዲውን ሻጩ ይዘጋል ወይስ ገዢው ይረከባል የሚለውን ሳጥን እዪ። ዝም ተብሎ ከታለፈ አንቺ ነሽ የምትረከቢው። ድርድር ካለም ከክሎዚንግ (ሽያጩ ከሚዘጋበት ቀን) በፊት እንጂ በኋላ አይሆንም።

ለብድሩም አስቢበት። ባንኩ የገቢና የዕዳ ሬሾሽን ሲያሰላ የሁለቱንም ማኅበር መዋጮ ይደምራል። በማስታወቂያው አንድ ቁጥር ብቻ አይተሽ ካሰላሽ የጸደቀልሽ መጠን ሊወርድ ይችላል። በክሎዚንግ ቀን ደግሞ ሁለቱም ማኅበራት የየራሳቸው የስም ማዛወሪያና የመግቢያ ክፍያ ይኖራቸዋል፤ አንዳንዱ ሰፈር ለመጠባበቂያ የሚሆን የአንድ ጊዜ መዋጮም ይጠይቃል። በግምታዊው የክሎዚንግ ወረቀት ላይ ሁለት ማኅበር ሁለት መስመር ሆኖ ካልታየ አንዱ ተረስቷል ማለት ነው።

ዮናስ ካብ

ሰላም፣ የብሌንን ጥያቄ ልጠቀምበትና እኔም ልጠይቅ። ታክሲ ነጂ ብዙ ነን። ካቡን ቤት በር ላይ ማቆም ክልክል ነው የሚሉ ሰፈሮች አሉ፤ ሌላው ጋ ደግሞ ማንም አይናገርም። ሕጉ ምንድን ነው? ደግሞ ለቅሶ ወይም ክርስትና ሲኖር እንግዳ መንገድ ላይ ሲያቆም ቅጣቱ ለባለቤቱ ይመጣል?

አቤል የሕግ ረዳት

ዮናስ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መንገዱ የማን ነው የሚለውን ለይ። በር የሌለው ሰፈር ከሆነና መንገዱን ካውንቲው ወይም ከተማው ለሕዝብ አገልግሎት የተረከበው ከሆነ፣ ማኅበሩ በዚያ መንገድ ላይ ትራፊክና መኪና ማቆሚያ ሊያስተዳድር አይችልም። ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቷል፦ የካምፕ መኪና፣ ጀልባ፣ ተጎታችና የንግድ ተሽከርካሪን በተመለከተ ምክንያታዊ ገደብ ማውጣት ይችላል። ካብህ የሚወድቀው እዚህ ነው። ዲክለሬሽኑ ውስጥ የንግድ ተሽከርካሪ የሚለው ቃል እንዴት እንደተተረጎመ አንብብ። አንዱ ክብደት ብቻ ያያል፣ አንዱ በጎኑ የድርጅት ስም ያለበት ሁሉ ይላል፣ አንዱ ጣሪያ ላይ መብራት ያለውን ይጨምራል። በአንድ ሰፈር የሚቻለው በሌላው የማይቻለው ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው። የመብራትና የጋዝ ሠራተኞችን የአገልግሎት መኪናና የፖሊስን መኪና የሚጠብቅ ድንጋጌ በሕጉ አለ፤ ታክሲ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ጋራዥ ውስጥ ከገባ በአብዛኛው ሰፈር ችግር የለውም፤ ስለዚህ ቤት ስትገዛ የጋራዡን በር ከፍታና ጥልቀት ለካ።

በር ባለው ሰፈር መንገዱ የማኅበሩ ስለሆነ ማቆሚያውን እንደፈለገ ያስተዳድራል፤ መኪናም ሊያስጎትት ይችላል። ግን የእሳት አደጋ መስመርን፣ የእሳት ማጥፊያውን የውኃ ቧንቧ ወይም የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያን ካልዘጋ፣ ወይም አደጋ የሚፈጥር ካልሆነ በቀር፣ ከመጎተቱ 48 ሰዓት በፊት መኪናው ላይ በሚታይ ቦታ ማስታወቂያ መለጠፍ ወይም ለባለቤቱ መንገር አለበት።

ስለ እንግዳ፦ እንግዳህ ያጠፋውን አንተ የምትቀጣው አንተ ራስህ ካዘዝህ ወይም ከተካፈልህ ብቻ ነው፤ ወይም ጥፋቱ አስቀድሞ ተነግሮህ ከነበረ፤ ወይም ለማስቆም ዕድል አግኝተህ ዝም ካልህ። ስለዚህ ለቅሶ ሲሆን በዚያው ቀን ለማኔጅሩ ኢሜይል ጻፍ፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በግምት ይህን ያህል መኪና። ብዙዎቹ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣሉ። ድንኳን በግል መንገድ ላይ ወይም በጋራ ቦታ መትከል ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አትሞክር፤ የኢንሹራንስ ጉዳይ ስላለበት ቶሎ ነው የሚመጡት። ጓሮ ውስጥ የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ብሌን፣ ቤቱን ሊሸጡብን ይችላሉ ወይ ወዳልሽው። እህቴ፣ አዎ ይችላሉ፤ ግን በምን ዕዳ እንደሆነ መለየት አለበት።

በቅጣት ልጀምር። ሣር ደረቀ፣ ቆሻሻ መጣያው ውጭ አደረ በሚል የሚመጣ ቅጣት ለአንድ ጥሰት ከ100 ዶላር፣ በድምሩም ከ1,000 ዶላር መብለጥ አይችልም፤ የሰውን ጤናና ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን ብቻ ጣሪያው ይነሣል። ቅጣት ከመጣሉ በፊት ደብዳቤው ጥፋቱን በዝርዝር፣ ማስተካከያውን፣ የገንዘቡን መጠን፣ የችሎቱን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ መጻፍ አለበት። ነገሩ በፎቶ የሚታይ ከሆነ ግልጽ ፎቶም መያያዝ አለበት። ፎቶ የሌለው ደብዳቤ ከመጣልሽ ያንኑ ጠቅሰሽ በጽሑፍ መልሺ። ያስተካከልሽው እንደሆነ ቀን ያለው ፎቶ አንሥተሽ ላኪ፣ ችሎቱም ላይ ቅረቢ። ካልቀረብሽ ቦርዱ በሌለሽበት ይወስናል። ጥፋቱ በ14 ቀን ካልተስተካከለ ቀጣይ ጥሰት ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በየ7 ቀኑ ያለ አዲስ ማስታወቂያና ያለ አዲስ ችሎት ተጨማሪ ቅጣት መጣል ይቻላል። ሰው በትንሽ ነገር ብዙ ገንዘብ ውስጥ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ችላ ሲል።

በተራ ቅጣት ቤት አይሸጥም። ጤናንና ደኅንነትን የሚመለከተው ቅጣትና የግንባታ ቅጣት የሚባለው ግን ይችላሉ። የግንባታ ቅጣት አዲስ ቤት ለሚገዛ ሰው ነው የሚያሳስበው፦ ዲክለሬሽኑ ወይም የተመዘገበ ሰነድ የጓሮውን ሥራ በዚህን ያህል ወር ጨርስ፣ ካልጨረስህ በቀን ይህን ያህል ትከፍላለህ ብሎ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከቢልደር ለምትገዙ ሰዎች ይህን አንቀጽ ሳታዩ እንዳትፈርሙ። ለእናንተ የሚሰጠው ሰነድም ፐብሊክ ኦፈሪንግ ስቴትመንት ይባላል፤ መሰረዣው አምስት ቀን የሚቆጠረው ውሉ ከተፈረመበት ቀን ነው።

ሌላ ጠቃሚ ነገር፦ መዋጮ ብለሽ የከፈልሽውን ገንዘብ ማኅበሩ ያለ ጽሑፍ ፈቃድሽ ወደ ቅጣት ሂሳብ ሊያዞረው አይችልም። ቅጣቱ የራሱ የተለየ ሂሳብ አለው። በቼክ ከከፈልሽ ከታች የየትኛው ወር መዋጮ እንደሆነ ጻፊበት።

የመዋጮ ውዝፍ ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ ምንም ሳይመዘግብ መሬቱ ላይ የመያዣ መብት አለው፣ ሊን የምንለው። የመጨረሻው 9 ወር መዋጮ ከባንኩ ሞርጌጅ እንኳን ይቀድማል። የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 እንደወሰነው፣ በዚህ ቀዳሚ ክፍል የተደረገ ሐራጅ የባንኩን የመጀመሪያ ሞርጌጅ ሊሰርዘው ይችላል። ለዚህ ነው ባንኮች የማኅበር ውዝፍ ሲያዩ ራሳቸው ከፍለው ከነወጪው ባለቤቱ ላይ የሚጨምሩት።

ሂደቱ ረጅም ነው፤ ረጅም መሆኑ ግን የሚጠቅመው ደብዳቤውን ለሚከፍት ሰው ነው። ክፍያው ካለፈ 60 ቀን ሳይሞላ ማኅበሩ ወደ ማስከፈል እርምጃ መግባት አይችልም። ከዚያ በኋላም መጀመሪያ መላክ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ የማስከፈያ ወጪዎቹ ዝርዝር፣ ውዝፉን ከፋፍሎ የመክፈያ ዕቅድ፣ በቦርዱ ፊት ቀርቦ የመከራከር መብት ማስታወቂያ። የውዝፍ ማስታወቂያ ይቀጥላል፤ ካልተከፈለም የዲፎልት ማስታወቂያ (ዕዳው አለመከፈሉን የሚገልጽ) በካውንቲው ይመዘገባል፤ ከዚያ 90 ቀን ይጠበቃል፤ የሐራጅ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ይሸጣል። ከ2015ቱ ማሻሻያ ወዲህ ከሽያጩ በኋላም 60 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፣ ግን ያኔ ገዢው የከፈለውን ከነወለዱና ከነወጪው መክፈል ይጠይቃል። መያዝ ያለበት ደረጃ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፤ የክፍያ ዕቅዱን እዚያ ላይ ተቀበሉ፣ ወጪው ገና ትንሽ ሳለ።

ውዝፍ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ያጣ ሰው ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ማኅበሩ የማኔጅመንት ድርጅት ይለውጣል፣ ባንክ ላይ የተሠራው ራስ ሰር ክፍያ ግን ወደ ድሮው ድርጅት መሄዱን ይቀጥላል። ወይም ሰው ማስተሩን ይከፍልና ሰቡ ለብቻው መሆኑን አያውቅም። ወይም አከራይቶ ሌላ ግዛት ይሄዳል፣ ደብዳቤው ግን ማኅበሩ በያዘው አድራሻ ማለትም እዚያው ቤት ይላካል፣ ተከራዩ ይጥለዋል። ብሌን፣ የመጨረሻው አንቺን ይመለከታል፤ ከቬጋስ ስትወጡ የፖስታ አድራሻችሁን ለሁለቱም ማኅበራትና ለኤስአይዲው በጽሑፍ ቀይሩ፣ የላካችሁበትንም አስቀምጡ።

ብሌን ቬጋስ

ጋሽ መኮንን፣ ሰናይት፣ አቤል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ እንዳሉት አሁን አየሁት፤ የደረሰን የሰቡ ብቻ ነው፣ የማስተሩን ዛሬ በኢሜይል ጠይቄያለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ። ከሰፈሩ ወደ ምዕራብ በኩል ገና ቤት እየተሠራ ነው። የማስተሩ ቦርድ አባላት አብዛኞቹ የዴቨሎፐሩ ሠራተኞች ናቸው ይባላል። ይህ ሕጋዊ ነው? እስከ መቼ?

ጋሽ መኮንን

ሕጋዊ ነው። የዲክለራንት ቁጥጥር ዘመን ይባላል። መሬቱን ያለማው ድርጅት የቦርዱን አብዛኛውን አባል የሚሾምበት ጊዜ ነው፤ ግን ወሰን አለው። ከታቀዱት ቤቶች 25 በመቶው ከተሸጠ በኋላ ቢያንስ አንድ አባልና የቦርዱ ሩብ በነዋሪዎች መመረጥ አለበት። 50 በመቶ ሲደርስ ሲሶው። ቁጥጥሩ የሚያበቃው 75 በመቶ ተሸጦ 60 ቀን ሲሞላ ነው፤ 1,000 ቤትና ከዚያ በላይ በሚሆን ሰፈር ግን መለኪያው 90 በመቶ ነው። ትልቅ ማስተር ፕላን ውስጥ ይህ ማለት ብዙ ዓመት ነው። መቶኛው የሚሰላው እስካሁን በተሠራው ላይ ሳይሆን በዲክለሬሽኑ ሊሠሩ በሚችሉት ቤቶች ብዛት ላይ መሆኑን ልብ በዪ። ሰቡ ግን የራሱ ስሌት ስላለው አስቀድሞ ወደ ነዋሪው ሊያልፍ ይችላል።

የሚያሳስበው ገንዘቡ ነው። ድርጅቱ ቤት እየሸጠ ስለሆነ መዋጮው ዝቅ ብሎ እንዲታይ ይፈልጋል፤ የጎደለውን በድጎማ የሚሞላባቸው ጊዜያት አሉ። የበጀቱን የገቢ ክፍል ስታነቢ የዴቨሎፐር ወይም የዲክለራንት ድጎማ የሚል መስመር ካለ፣ ያን መስመር ሰርዘሽ የዓመቱን ወጪ ለቤቶቹ አካፍዪ። የሚወጣው ቁጥር ድጎማው በቆመ ማግስት የምትከፍሉት ነው። እኔ በዚያ ቁጥር ነው ቤቱን መግዛት አለመግዛቴን የምወስነው።

በጀቱን መቃወም ይቻላል ወይ ካልሽ፣ በወረቀት ይቻላል። የበጀት ዓመቱ ከመግባቱ ከ30 እስከ 60 ቀን ቀድሞ ለሁሉም ይላካል፣ ስብሰባም ይጠራል። ግን ውድቅ የሚሆነው ከተሰብሳቢው ሳይሆን ከጠቅላላው ባለቤት አብዛኛው ሲቃወም ነው። ኮረም ባይሞላም ጸድቋል። ብዙ ሺህ ቤት ባለው ማስተር ውስጥ ይህን ድምፅ ማግኘት ከባድ ነው፤ በሰቡ ግን 60 እና 70 ሰው ፊርማ ማሰባሰብ ይቻላል። ጉልበታችሁን ሰቡ ላይ አውሉ።

ቁጥጥሩ ሲያልፍ ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ ሂሳቡን፣ ገንዘቡን፣ የግንባታ ንድፉን፣ ዋስትናዎቹንና ኮንትራቶቹን ማስረከብ አለበት። አዲሱ ቦርድ ያኔ ቶሎ መሐንዲስ ቀጥሮ ግድግዳውንና መንገዱን ማስመርመር ይገባዋል፤ የግንባታ ጉድለት ክስ ከግንባታው ማለቅ ጀምሮ የ10 ዓመት ወሰን አለው፣ የቁጥጥሩ ዘመን ደግሞ ከዚያ ላይ ብዙውን ይበላዋል።

አቤል የሕግ ረዳት

ጋሼ እንደተናገሩት ነው። ከገዛችሁ በኋላ ጥያቄ ቢነሣ መንገዱን ልንገራችሁ።

ቦርዱ ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ አንድ ጊዜ መሰብሰብ አለበት፤ በስብሰባዎቹ መካከልም ከ100 ቀን በላይ ማለፍ የለበትም። በመጀመሪያና በመጨረሻ ነዋሪ የሚናገርበት ጊዜ መሰጠት አለበት። ማኅበሩ ሕግ ጣሰ የምትሉ ከሆነ በስብሰባ ላይ መናገር ብቻ አይጠቅምም፤ ለቦርዱ በጽሑፍ አቤቱታ አስገቡ። በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መድረሱን ሊያሳውቁና በጽሑፍ ከጠየቃችሁ በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንደሚያስገቡት ሊነግሯችሁ ይገባል። ያንን ጥያቄ በዚያው ደብዳቤ ላይ አብራችሁ ጻፉት፤ ሰው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚረሳ አቤቱታው ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ካልሆነ በኔቫዳ ሪል እስቴት ዲቪዚዮን ሥር ያለው የኦምቡድስማን (የአቤቱታ ሰሚ) ቢሮ አለ። ሁለት የተለያዩ በሮች አሉት፣ ሰው ያምታታቸዋል። ቦርዱ ምዕራፍ 116ን ጣሰ የምትሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ መዝገብ አላሳይም አለ፣ ምርጫው በምስጢር ድምፅ አልሆነም፣ የምትሞሉት የጣልቃ ገብነት ቃለ መሐላ ነው፣ ፎርም 530። ከዚያ በፊት ለሚከሰሰው ወገን ጥሰቱን በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ በሰርቲፋይድ ሜይል መላክ ግዴታ ነው፣ ደረሰኙም ይያያዛል፤ ጥሰቱን ካወቃችሁበት ቀን በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ክርክሩ የዲክለሬሽኑ አተረጓጎም ላይ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ካብ የንግድ ተሽከርካሪ ነው አይደለም የሚለው፣ ፎርም 520 ነው፤ ማመልከቻው 50 ዶላር ነው፣ ሽምግልና ወይም የሬፈሪ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። ይህን ደረጃ ሳያልፍ በቀጥታ ፍርድ ቤት የከሰሰ ሰው መዝገቡ ይዘጋበታል። ዮናስ፣ ያንተ ጉዳይ እዚህ ነው የሚወድቀው።

ሰናይት ከኤስክሮው

ብሌን፣ የማስተሩ ፓኬጅ ሲደርስሽ ኢሜይሉ የገባበትን ቀንና ሰዓት ስክሪንሹት አድርጊና ለኤጀንትሽ ላኪላት፤ አምስቱን ቀን በየትኛው ፓኬጅ እንደምትቆጥርም በጽሑፍ ታረጋግጥልሽ። የኤስአይዲውን የቀሪ ዕዳ መግለጫ ደግሞ ከክሎዚንጉ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ጠይቂ፤ የሚመጣው ከማኅበሩ ሳይሆን ከካውንቲው በኩል ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል።